ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ (1912–1934 ዓ.ም.)፤ በሰው አገር ተምረው ለአገራቸው ያገለገሉ ነርስ

ከጅማና ከቡታጅራ የሚመጡት ሁለት አውራ ጎዳናዎች ዓለም ገና ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ የተነሣ መንገደኛ አየር ጤናን አልፎ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ጦር ኃይሎች ከሚባለው ሰፈር ይደርሳል። በዚሁ ሰፈር የሚገኘው ታላቅ ሆስፒታል ዛሬ የሠራዊቱ ነው፤ ሥራውን ሲጀምር ግን የሚጠራው በአንዲት ወጣት ነርስ ስም ነበር። ስሙ ከተለወጠ ብዙ ዘመን ስለሆነ በደጁ ከሚያልፉት ወጣቶች ብዙዎቹ ይህን አያውቁም።

በዓለም ገና፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ እንዲሁም በዋናው ከተማ፣ ነርስነትን ወይም የሕሙማንንና የአረጋውያንን እንክብካቤ ከሚማሩት መካከል ሙያውን ይዘው ባሕር ለመሻገር የሚያስቡ ጥቂቶች አይደሉም። ሐሳባቸው የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ሙያ የወሰን ምልክት የለበትም፤ ሕመምም እንዲሁ። ሆኖም ይህን መንገድ ከሰማንያ ዓመታት በፊት በተገላቢጦሽ የተጓዙትን የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ሕይወት ማወቅ ለሚሄደውም፣ ለሚቀረውም፣ ለሚያስተምረውም ይጠቅማል። ልዕልት ፀሐይ ከአገራቸው የወጡት በጠላት ወረራ ተገደው ነው። ሙያቸውን የተማሩት በስደት ነው። የተማሩትንም በመጀመሪያ ለባዕድ ልጆች፣ በኋላም ለወገኖቻቸው አውለውታል። አሟሟታቸው ደግሞ አንድ የሠለጠነ ሰው ብቻውን ለአንድ አገር እንደማይበቃ የሚያሳይ ምስክር ሆኖ ቀርቷል።

ልደትና ዘመን

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ፣ እናታቸው እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። የተወለዱት የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ባጠቃ በዓመቱ ነበር። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባው ይህ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በከተማው ውስጥ በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ፈጅቷል። አልጋ ወራሹ ራሳቸው ታመው በብዙ ጭንቅ ተርፈዋል። በዚያን ጊዜ በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ የሠለጠነ አስታማሚ የሚባል ግን ከነጭራሹ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የታመመውን የሚያስታምመው ቤተ ሰቡ ነው፤ ቤተ ሰቡ በሙሉ ሲታመም ደግሞ ውሃ የሚያቀብል ይጠፋል። በዚያ ወረርሽኝ ከመድኃኒት እጦት ባልተናነሰ፣ የሚያስታምም ሰው መጥፋቱ ሕዝቡን ጐድቶታል።

ልዕልቲቱ በተወለዱበት በዚያው ዓመት፣ በታኅሣሥ ወር፣ ከኢትዮጵያ እጅግ ርቆ አንድ ሌላ ነገር ተፈጸመ። የእንግሊዝ ፓርላማ የነርሶችን የምዝገባ ሕግ አወጣ። ወይዘሮ ኤተል ፌንዊክ የተባሉት ነርስና ጓደኞቻቸው ለሠላሳ ዓመታት ያህል የታገሉለት ይህ ሕግ፣ ነርስ መባል ያለበት የተወሰነ ዘመን ተምሮ፣ በመንግሥት ፈተና አልፎ፣ ስሙ በመዝገብ የሰፈረ ሰው ብቻ እንዲሆን መሠረት ጣለ። ለሕፃናት ነርሶችም የራሳቸው መዝገብ ተከፈተላቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ በዚያ መዝገብ ላይ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ስም እንደሚሰፍር የዚያን ዕለት ማንም ሊገምት አይችልም ነበር።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕክምና በዚያን ጊዜ ገና በእግሩ መቆም የጀመረ ነበር። የሩሲያ ቀይ መስቀል ከዐድዋ ድል በኋላ ያቋቋመው ሐኪም ቤት፣ ቀጥሎም የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በኋላም በአልጋ ወራሹ ወጪ የተሠራው የቤተ ሳይዳ ሆስፒታል ብዙ ሕሙማንን ይቀበሉ ነበር። የሚሠሩባቸው ነርሶች ግን አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የአገሩ ልጆች ቁስል ከማጠብና መድኃኒት ከማቀበል ያለፈ ትምህርት አያገኙም። በባህልም ቢሆን የሕመምተኛን እዳሪ ማንሣትና ሰውነቱን ማጠብ ከቤተ ዘመድ ውጭ ሲሆን የአገልጋይ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። የመኳንንት ልጅ ይህን ሥራ መተዳደሪያዋ ታደርጋለች ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

የጦርነት ዋዜማ

በ1927 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ የማይቀር መሆኑ ሲታወቅ አገሪቱ ከጦር መሣሪያ እጥረት ሌላ የሕክምና አገልግሎት እጥረት ነበረባት። ሠራዊቱ የጦር ሜዳ ሐኪም ቤት አልነበረውም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ነው። በዚሁ ጊዜ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ሲቋቋም፣ ገና ዐሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ልዕልት ፀሐይ ከመሪዎቹ አንዷ ሆኑ። የእንግሊዝ ሚኒስትር ባለቤት ሌዲ ባርተንም በሥራው ያግዟቸው ነበር። የመኳንንቱ ወይዛዝርትና የከተማው ሴቶች በአንድነት ተቀምጠው ፋሻ ይቀዱ፣ ለወታደሩ ልብስ ይሰፉ፣ ከመርዝ ጋዝ መከላከያ የሚሆን የጨርቅ ጭምብልም ያዘጋጁ ነበር።

ያ ጭምብል በማይጨውና በተከዜ ለዘነበው የመርዝ ጢስ የሚበቃ አልነበረም፤ የሰናፍጭ ጋዝ የሚያቃጥለው ሳንባን ብቻ አይደለምና። ፋሻውም ቢሆን ከቁስለኛው ብዛት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸው የሕክምና ድንኳኖች እንኳ አልተረፉም። በታኅሣሥ ወርም በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል የጦር ሜዳ ሐኪም ቤት በቦምብ ተመታ። በእነዚያ ወራት ለልዕልቲቱም ሆነ ለብዙዎች ግልጽ የሆነው ነገር፣ ፋሻ የሚቀድ እጅ ሞልቶ ሳለ ቁስሉን አጥቦ፣ ፋሻውን በሥርዓት አስሮ፣ ሕመምተኛውን ሌሊት የሚጠብቅ የሠለጠነ እጅ መጥፋቱ ነው።

በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሣዊው ቤተ ሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ ተጓዘ። በኢየሩሳሌም ጥቂት ከተቀመጡ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ ሲሄዱ ልዕልት ፀሐይ አብረው ሄዱ። በግንቦት ወር መጨረሻም ለንደን ገቡ። እንግሊዝኛ አሳምረው ያውቁ ስለነበር በስደቱ ዘመን በብዙ ስብሰባ ላይ ለአባታቸው አስተርጓሚ ሆነው ያገለግሉ ነበር። ባዝ በተባለችው ከተማ የተገዛው ፌርፊልድ የሚባለው ቤት የቤተ ሰቡ መኖሪያ ሆነ። ኑሮውም ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ ገንዘብ አጥሮ፣ ብርዱ ጠንክሮ፣ ከአገር ቤት የሚደርሰው ወሬ ሁሉ መርዶ የሆነበት ዘመን ነበር።

በሕፃናቱ ሆስፒታል

አንዲት ስደተኛ ልዕልት በዚያ ሁኔታ ልትመርጠው የምትችለው ኑሮ ልዩ ልዩ ነበር። ቤት ውስጥ መቀመጥ፣ ግብዣ መቀበል፣ ወይም በየአዳራሹ ስለ አገር መናገር ይቻል ነበር። ልዕልት ፀሐይ በነሐሴ 1928 ዓ.ም. ወደ ለንደን ተመልሰው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚገኘው የሕሙማን ሕፃናት ሆስፒታል በተማሪ ነርስነት ገቡ። ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1852 የተከፈተ፣ በእንግሊዝ አገር ለሕፃናት ብቻ ተብሎ ከተሠሩት የመጀመሪያው ነው።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ተማሪ ነርስ ኑሮ ለማንም የማያደላ ነበር። ተማሪዋ በሆስፒታሉ ግቢ በነርሶች ማደሪያ ትኖራለች፤ በደወል ትነሣለች፤ በሜትሮኗና በየክፍሉ ሲስተር ትእዛዝ ትሠራለች። በመጀመሪያው ዓመት የሚበዛው ሥራ አልጋ ማንጠፍ፣ ዕቃ ማጠብ፣ የሕፃናቱን ገላ ማጠብና ማብላት፣ የሕመምተኛውን ሙቀትና የልብ ትርታ ለክቶ መመዝገብ ነው። ከዚያ በኋላ ቁስል መጥረግ፣ መሣሪያ መቀቀል፣ ለቀዶ ሕክምና ማዘጋጀት፣ የሌሊት ተራ መጠበቅ ይከተላል። ከሥራው ሰዓት ተቀንሶ ስለ ሰውነት አካላትና አሠራር፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ሕፃናት በሽታ ትምህርት ይሰጣል። ተማሪዋ በመጀመሪያና በመጨረሻ የመንግሥት ፈተና ታልፋለች። በፈተናው ወረቀት ላይ የአባት ማዕረግ ምንም አይጠቅምም።

የዚያን ጊዜ ነርስነት ከዛሬው ይልቅ በእጅና በዓይን ላይ የተመሠረተ ነበር። ፔኒሲሊን ገና ለሕክምና አልዋለም፤ የሰልፋ መድኃኒቶች መሰጠት የጀመሩት በእነዚያው ዓመታት ነው። የሳንባ ምች ወይም ዲፍቴሪያ የያዘው ሕፃን በሕይወት መትረፉ በአብዛኛው በአስታማሚው ትጋት ይወሰን ነበር። ትንፋሹን በየደቂቃው መከታተል፣ ትኩሳቱን በውሃ ማብረድ፣ ፈሳሽ በማንኪያ ጠብ እያደረጉ መስጠት፣ ሲያለቅስ ማቀፍ፣ ይህ ሁሉ የነርሷ ድርሻ ነበር። ከአገራቸው ሕፃናት በጋዝ ሲቃጠሉ ሊረዱ ያልቻሉት ልዕልት፣ የለንደን ሠራተኞችን ልጆች ሌሊት ከራስጌያቸው ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሦስቱን ዓመታት በትዕግሥት ፈጽመው በነሐሴ 19 ቀን 1931 ዓ.ም. በመንግሥት የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ።

የምስክር ወረቀታቸውን በተቀበሉ በዘጠኝ ቀኑ እንግሊዝ ከጀርመን ጋር ጦርነት ውስጥ ገባች። ልዕልት ፀሐይ የሕፃናት ነርስነት ብቻ ለአገራቸው እንደማይበቃ ስለተረዱ፣ የጠቅላላ ነርስነት ትምህርት ለመቀጠል ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ ወደሚገኘው ወደ ጋይስ ሆስፒታል ገቡ። ጋይስ እ.ኤ.አ. በ1721 የተመሠረተ፣ በሐኪሞቹና በነርሶቹ ትምህርት ስመ ጥር የሆነ ቤት ነው። ከጳጉሜን 1932 ዓ.ም. ጀምሮ ለንደን ለሃምሳ ሰባት ተከታታይ ሌሊቶች በአውሮፕላን ስትደበደብ ሆስፒታሉ ራሱ በቦምብ ተመታ። ደሴ ላይ የደረሰውን የቦምብ ጥፋት የሚያስታውሱት ኢትዮጵያዊት፣ አሁን በለንደን የቦምብ ቁስለኞችን ከሚያስታምሙት መካከል ሆኑ። እንግሊዞች የኢትዮጵያ ስደተኞችን ካስጠጉበት ውለታ ጥቂቱ በዚህ መልክ እንደተመለሰ መናገር ይቻላል።

ወደ አገር መመለስ

ኢጣሊያ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ወደ ጦርነቱ ስትገባ የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጥኖ ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን በኩል ገብተው በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ልዕልት ፀሐይም ወደ አገራቸው ተመለሱ። የጠበቃቸው አገር የአምስት ዓመት ጦርነት ያደቀቀው ነበር። በጠላት ዘመን የነበሩት ሆስፒታሎች የኢጣሊያ ሐኪሞች ሲወጡ ባዶ ቀርተዋል። ከጦርነቱ በፊት በየጠቅላይ ግዛቱ ይሠሩ ከነበሩት የሚስዮን ሐኪሞች ብዙዎቹ በወራሪው ተባርረዋል። ውጭ አገር ተልከው ከተማሩት ወጣት ኢትዮጵያውያን ደግሞ ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ወዲህ በግፍ ተገድለዋል። የሠለጠነ ነርስ ማለት ብርቅ ነገር ነበር።

ልዕልቲቱ በአዲስ አበባ አልቆዩም፤ ወደ ደሴ ሄደው በሆስፒታሉ ሥራ ጀመሩ። ቦታው በአጋጣሚ ይሁን በምርጫ፣ በ1928 ዓ.ም. የቀይ መስቀሉ ድንኳን በቦምብ የተቃጠለባት ከተማ መሆኗ ልብ ይባላል። በወሎ የጦርነቱ ቁስለኛ፣ የተስቦና የወባ ሕመምተኛ፣ የተራበ ሕፃን ሞልቷል። በለንደን አንዲት ነርስ የምትጠብቃቸው አልጋዎች የተወሰኑ ናቸው፤ በስተ ጀርባዋ ሲስተር፣ ሜትሮን፣ የመድኃኒት ቤት፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍልና የሞቀ ውሃ አለ። በደሴ ግን ነርሷ ይህን ሁሉ ራሷ መሆን ነበረባት። በውጭ አገር የተማረ ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚገጥመው ፈተና ዛሬም ይኸው ነው። ዕውቀቱ ሙሉ ሆኖ ዕውቀቱ የሚሠራበት ዕቃና ረዳት ይጐድለዋል። ስለዚህም ነበር በለንደን የሚያውቋቸው ወዳጆቻቸው እንደመሰከሩት ልዕልቲቱ ከሁሉ አስቀድመው የሚመኙት፣ የአገሩ ሴቶች ልጆች ነርስነትን በአገራቸው የሚማሩበት ሆስፒታል ማየትን የነበረው።

ለቀምት

በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ ሌተና ኮሎኔል ዐቢይ አበበን አገቡ። ባለቤታቸው በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ለአስተዳዳሪነት በመሾማቸው መኖሪያቸው ዛሬ ነቀምት በምትባለው በለቀምት ሆነ። ከዋና ከተማው ወደዚያ የሚወስደው የምድር መንገድ በቡራዩ ወጥቶ፣ ገፈርሳን፣ ሆለታንና አምቦን አልፎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። በክረምት ጭቃ፣ ያውም ከጦርነት በኋላ፣ ይህ መንገድ የቀናት ጉዞ ነበር። በለቀምት ስዊድናውያን ሚስዮናውያን ከወረራው በፊት የጀመሩት የሕክምና ሥራ በጠላት ዘመን ተቋርጦ ነበር።

ከሠርጋቸው አራት ወር ሳይሞላ፣ በነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ልዕልት ፀሐይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ደም መፍሰስ በለቀምት ዐረፉ። ሃያ ሦስተኛ ዓመታቸውን አልሞሉም ነበር። ታላቅ እኅታቸው ልዕልት ዘነበወርቅም ከጦርነቱ በፊት በወጣትነታቸው በመቀሌ መሞታቸው የሚታወቅ ነው። የልዕልት ፀሐይ አስከሬን በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም፣ የዳግማዊ ምኒልክ መካነ መቃብር ባለበት፣ ዐረፈ።

በዚህ ሞት ላይ ባለሙያ የሆነ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል። በለንደን ደም ለጋሾች ተመዝግበው በስልክ ሲጠሩ የሚመጡበት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1921 ተጀምሮ ነበር፤ ጦርነቱ ሲነሣ ደግሞ ትላልቅ የደም ማከማቻዎች ተቋቋሙ። ልዕልቲቱ በዚያ ሆስፒታል ሲሠሩ ደም የፈሰሳቸው ቁስለኞች በዚህ መንገድ ሲድኑ የሚታይበት ዘመን ነበር። በኢትዮጵያ ግን ቀይ መስቀል የደም ባንክ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969፣ ማለትም ከሞታቸው ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ነው። በጠቅላይ ግዛቱ በዕውቀት ከሁሉ የላቁት አስታማሚ ራሳቸው ሕመምተኛ በሆኑበት ሌሊት፣ እርሳቸው በለንደን ለሌላው ይቆሙ እንደነበረው ለእርሳቸው የሚቆም የተሟላ አገልግሎት አልነበረም። የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆን ይህን ጉድለት አልሞላም። ያልተጻፈ ስም ያላቸው ብዙ ሺሕ እናቶች በዚያው ዓመትና በዚያው ሁኔታ ሞተዋል፤ ልዩነቱ የእርሳቸው ሞት መሰማቱ ብቻ ነው።

በስማቸው የተተከለው

በለንደን ልዕልቲቱን ቀርበው ካወቋቸው አንዷ ሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ነበሩ። እኚህ ሴት ከወረራው ዘመን ጀምሮ ጋዜጣ እያሳተሙ ስለ ኢትዮጵያ ሲሟገቱ የኖሩ ናቸው። የሞቱ ወሬ ሲደርሳቸው መታሰቢያው ሐውልት ሳይሆን ልዕልቲቱ የተመኙት ሆስፒታል እንዲሆን ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ታዋቂው ሐኪም ሎርድ ሆርደርና ሌሎችም ረዷቸው። የብሪታንያ ሕዝብ በጦርነት ደኽይቶ፣ ምግብ በካርድ በሚታደልበት ዘመን ለዚህ ሥራ ገንዘብ አዋጣ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ከሕክምናው ጋር የነርሶች ትምህርት ቤትም ተቋቋመበት።

ያ ዘመን የነርስነት ትምህርት በኢትዮጵያ ሥር የያዘበት ነው። በቤተ ሳይዳ ቦታ በቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሥራ ጀምሮ ለገጠሩ የሚሆኑ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ጀመር። አንዲት ልጅ ነርስ ለመሆን ለንደን ድረስ መሄድ ሳያስፈልጋት በአገሯ ተምራ በአገሯ መመረቅ ቻለች።

በዚህ ሆስፒታል ታሪክ ውስጥ ሳይነሣ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የተባሉ ባልና ሚስት የማሕፀን ሐኪሞች ከአውስትራሊያ ተቀጥረው የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ነበር። ትምህርት ቤቱ ጥቂት አዋላጆችን ብቻ አስመርቆ ተዘጋ። ሐኪሞቹ ግን በዚያ ሳሉ በወሊድ ጭንቅ ተጐድተው፣ ሽንት መቋጠር አቅቷቸው፣ ከሰው የተለዩ የገጠር ሴቶች እየፈለጉ ስለመጧቸው ቀዶ ሕክምናውን ሥራዬ ብለው ያዙት። ከዚያ ሥራ የአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል ተወለደ፤ ባለፉት ዓመታትም ከ60 ሺሕ በላይ ሴቶች ታክመውበታል። ጉዳቱን ከመጠገን መከላከል ይሻላልና እ.ኤ.አ. በ2007 ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በደስታ መንደር የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተከፈተ። በ1950ዎቹ የተቋረጠው የአዋላጅ ትምህርት ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ እንደገና ተጀመረ ማለት ነው። በእርግዝና ሳሉ በሞቱት ነርስ ስም በተጠራ ቤት የተዘራው ዘር በዚህ መልክ ፍሬ ሰጥቷል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሆስፒታሉ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ባለቤታቸው የነበሩት ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበም በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት ባለሥልጣኖች አንዱ ሆኑ። በባዝ የነበረው የፌርፊልድ ቤት ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1958 ለከተማው በስጦታ ሰጥተውት የአረጋውያን መኖሪያ ሆነ። የአንዲት ወጣት ስደተኛ ነርስ ቤተ ሰብ የኖረበት ቤት የእንግሊዝ ሽማግሎችና ባልቴቶች የሚጦሩበት ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል።

ለሚሄዱትና ለሚቀሩት

ዛሬ የኢትዮጵያ ነርሶችና አስታማሚዎች በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች ሕፃናትንና አረጋውያንን ይንከባከባሉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ተሰማሪው ሠራተኛ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው መጠየቁ፣ ያለ ትምህርት ባሕር መሻገር የሚያስከትለውን ጉዳት ከማየት የመጣ ነው። ልዕልት ፀሐይ ያገኙት ክብር የመጣው በመዝገብ ከሰፈረ ሙያ ነበር። የሙያ ማስረጃ የያዘች ልጅ በሰው አገር ስትቆም የምትናገርበት አንደበት አላት፤ ሳትማር የሄደች ግን መብቷ በአሠሪዋ ደግነት ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ለውጭ አገር ሥራ የሚያሠለጥን ሁሉ ሦስት ዓመት በሕሙማን ራስጌ የቆመችውን ተማሪ ማሰብ ይገባዋል። የጥቂት ሳምንት ትምህርትና አንድ ወረቀት የእርሷን ቦታ አይተኩም።

በሌላ በኩል የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ጤና ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ቅጥር የሥነ ምግባር ደንብ አጽድቋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መዝገብ ደግሞ የጤና ባለሙያ እጥረታቸው ብርቱ ስለሆነ ሀብታም አገሮች ቅስቀሳ አድርገው እንዳይመለምሉባቸው ጥበቃ የሚያስፈልጋቸውን 55 አገሮች ሲዘረዝር ኢትዮጵያን ጨምሯል። ብሪታንያም ይህን መዝገብ ተከትላ የቅጥር ደንቧን አውጥታለች። በአንድ ወቅት ኢትዮጵያዊቷን ነርስ ያስተማረችው አገር፣ የኢትዮጵያን ነርሶች ደጃቸው ድረስ ሄዳ እንዳትወስድ ራሷን ከለከለች። ደንቡ ግለሰብን በገዛ ፈቃዱ ከመሄድ አያግድም፤ ነገር ግን የሚያስተምር አገር ባዶ እጁን እንዳይቀር ያስጠነቅቃል።

በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ100 ሺሕ ሕያው ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቍጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ይህን ለውጥ ካመጡት መካከል በየጤና ጣቢያውና በየቀበሌው የሚሠሩ፣ ስማቸው በሆስፒታል በር ላይ የማይጻፍ፣ አብዛኞቹም ሴቶች የሆኑ ነርሶች፣ አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይገኛሉ። ቢሆንም 412 ትንሽ ቍጥር አይደለም። በክረምት ሌሊት በለቀምት የጐደለው ነገር ዛሬም በአንዳንድ ሩቅ ወረዳ ይጐድላል።

ከዓለም ገና ተነሥታ ወደ አዲስ አበባ የምትጓዝ ተማሪ ጦር ኃይሎች ስትደርስ ከሆስፒታሉ ደጅ ታልፋለች። ከተመረቀች በኋላ ለንደን፣ ቤይሩት ወይም ነቀምት ልትመደብ ትችል ይሆናል። በየትኛውም ቦታ ብትቆም ሥራው አንድ ነው፤ የሕመምተኛውን ትንፋሽ መጠበቅ። ለዚህ ሥራ እርሷን በሚገባ ማሠልጠን የመምህሮቿ ግዴታ ሲሆን፣ እርሷ ብትሄድም ከኋላዋ ሌላ የሠለጠነች እንድትኖር ማድረግ ደግሞ የማኅበሩና የአገሪቱ ግዴታ ነው። ልዕልት ፀሐይ ለሃያ ሁለት ዓመት ብቻ ኖረው የተዉት ትምህርት ይኸው ነው።